ሴንት ፖል ላይ የታረመው መጽሐፍ

ከአሜሪካ እንደተመለስኩ ደሴ ያለችው ታላቅ እህቴ ደውላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። "እውነት ሐይቅ ላይ በመኪና ሄድክ?" አለችኝ። አዎ ብላት "ተው አታሹፍብኝ" ብላ ዘጋችው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለእሷ ነው፤ ከዚያም እንደ እሷ እዚያ ለማይደርስና ለማያምነኝ ሁሉ። የሐይቁን ነገር በቦታው እመጣበታለሁ። የጉዞዬ ዋና ነገር ግን ሐይቁ አልነበረም።

አስቀድሜ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ስሜ ብሩክ ነው፣ ሥራዬ ትርጉም ነው። ኮምፒውተሬና የኢንተርኔት መስመር ያለበት ቦታ ሁሉ ቢሮዬ ነው። ይህ የሆነው ዓለም በግድ ቤቱ ተቀምጦ መሥራትን ከመልመዱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ ሰው "መሥሪያ ቤትህ የት ነው?" ሲለኝ መልስ ይጠፋኝ ነበር። ሁለት ወር ኪጋሊ፣ ሦስት ወር ሊዝበን፣ መሃል ላይ አዲስ አበባ ብቅ እያልኩ ሁለት ዓመት ያህል እንዲሁ ዞሬአለሁ። አጎቴ ለጎረቤቶቹ ሲያስተዋውቀኝ "ሥራ የለውም፣ ግን ሥራ ይበዛበታል" ነበር የሚለው።

በዚያ ጥር በእጄ የነበረው ሥራ ከሁሉም የከበደ ነበር፤ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ለሚሠሩ አዋላጆች የሚሆን መመሪያ መጽሐፍ። እኔ ላጤ ነኝ፣ ምጥ የሚባል ነገር በበር በኩል እንኳ ሰምቼ አላውቅም። ቢሆንም ከመዝገበ ቃላትና ከአንድ ሐኪም ወዳጄ ጋር እየታገልኩ ወደ መጨረሻው ደርሼ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ አካባቢያችን መስመሩ በየቀኑ እየጠፋ ሲያስቸግረኝ፣ ስድስት ኪሎ አብረን የተማርነው ጀማል ሚኒሶታ ሆኖ "እዚህ ና ብሩኬ፣ ኢንተርኔቱ እንደ ውሃ ነው። ቤትም አገኝልሃለሁ" አለኝ። ሁለት ሳምንት ተቀምጬ ሥራዬን ልጨርስና ከዚያ ወደ ሊዝበን ልሻገር ትኬት ቆረጥኩ።

ቅዳሜና እሑድ

ቅዳሜ ከቦሌ ተነሣን። በመሸጋገሪያው አውሮፕላን ማረፊያ አምስት ሰዓት ስለምቆይ፣ ሶኬት አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ የመጽሐፉን ሰንጠረዦች ማስተካከል ጀመርኩ። እንቅልፍ ዓይኔን እየዘጋው የተደጋገመ የመሰለኝን ረድፍ እየሰረዝኩ፣ የተለያየውን እያገናኘሁ ሠራሁ። በረራው ሲጠራ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ሮጥኩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሚኒያፖሊስ ስንደርስ ከመስኮቱ ያየሁት መሬት አልነበረም። ነጭ ነገር ነው፣ እስከ ሰማዩ ጠርዝ። በመሃሉ ክብ ክብ ሜዳዎች አሉ፤ ዛፍም ቤትም የሌለባቸው። "ይህን ያህል ኳስ ሜዳ ለምን አስፈለጋቸው?" ብዬ አሰብኩ። ሐይቆች መሆናቸውን የነገረኝ በኋላ ጀማል ነው።

ጀማል የጅማ ልጅ ነው። ኑሮው ከከተማው በስተሰሜን ብሩክሊን ሴንተር፣ ሥራው ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ሻኮፒ በሚባል ቦታ፣ በአንድ ትልቅ መጋዘን። በየቀኑ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያቋርጣል። ከአየር ማረፊያው በር ሊያወጣኝ ሲል ቆም አለና ጃኬቴን ዳበሰው።

"ይኼ ነው የለበስከው?"

"ወፍራም ነው እኮ፤ ለደብረ ብርሃን ነበር የገዛሁት።"

"ደብረ ብርሃን!" አለና የራሱን ካፖርት አውልቆ ከላዬ ላይ ጫነብኝ። "አፍንጫህን ሸፍን። በአፍህ እንዳትተነፍስ። መኪናው ቅርብ ነው ፓርክ ያደረግኩት፣ ዝም ብለህ ተከተለኝ።"

በሩ ተከፈተ። ብርድ ነው ለማለት ይቸግረኛል፣ ብርድ የማውቀው ነገር ነው። ይህ ሌላ ነው። የአፍንጫዬ ውስጥ ጸጉር ሲደርቅ ተሰማኝ፤ ዓይኔ አነባ፣ እንባውም ሽፋሽፍቴን አጣበቀው። የደብረ ብርሃን ብርድ ሰውን ያስቸግራል፤ ይሄኛው ግን ሰው መኖሩን እንኳ የሚያውቅ አይመስልም። ከፍርሃቴ ጋር አንድ ዓይነት አክብሮት አደረብኝ።

ጀማል ያገኘልኝ ቤት ሴንት ፖል ነበር፤ ከሚኒያፖሊስ በወንዝ የሚለይ መንትያ ከተማ፣ የግዛቱም ዋና ከተማ። ባለቤቷ ወይዘሮ ለተብርሃን የሚባሉ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ኤርትራዊት ናቸው። ባላቸው አርፈዋል፣ ልጆቻቸው ሌላ ግዛት ናቸው። የምድር ቤታቸውን ክፍል ነበር የሰጡኝ። በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ መጀመሪያ ያሉት "ጫማህን እዚሁ አውልቅ" ነው፤ ቀጥለው "እንኳን ደኅና መጣህ ብሩኽ" አሉኝ። የስሜን መጨረሻ ከጉሮሯቸው ነው ያወጡት። ስሜ እንዲያ ሲባል ሰምቼ ስለማላውቅ ወደድኩት።

አማርኛቸው ገረመኝ። አስመራ በንጉሡ ዘመን በአማርኛ ተምረው ነበርና ሲናገሩ ልክ እንደ ድሮ መምህር ነው፤ "እንግዲህ"፣ "ይልቁንስ" ይላሉ። እኔና ጀማል ግማሹን በእንግሊዝኛ ስናወራ ሰምተው "እናንተ ልጆች አማርኛውን የት አደረሳችሁት?" አሉን።

ያን ቀን ያበሉን ፓስታ ነበር፤ በርበሬ የገባበት ቀይ ስጎ። በልቼ ሳልጨርስ ተቀምጬ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሰኞና ማክሰኞ

ሰኞ ማለዳ መስኮቱን ስከፍት መንገዱ ላይ አንድም ሰው የለም። ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ቤቶቹ አጥር የላቸውም። አንድም ግንብ፣ አንድም የቆርቆሮ በር፣ አንድም ዘበኛ የለም። የአንዱ ግቢ የት አልቆ የሌላው የት እንደሚጀምር በረዶው ሸፍኖታል። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ሰው መጀመሪያ አጥር፣ ቀጥሎ ቤት ነው የሚሠራው። "ሌባ አይፈሩም?" ብዬ እማማ ለተብርሃንን ስጠይቃቸው፣ "በዚህ ብርድ ማን ይወጣል?" ብለው ሳቁ።

የሥራ ሰዓቴ ተገልብጦ ነበር። ሚኒሶታ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከቀኑ ዘጠኝ ነው። የአሳታሚው አዘጋጅ ሰናይት ከቢሮ ሳትወጣ የማገኛት ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በማለዳ ከእሷ ጋር እጨቃጨቃለሁ፣ ከዚያ ቀኑ ሙሉ የእኔ ነው። ሰናይት ጎበዝና ችኩል ናት። "ዓርብ ካልደረሰኝ ማተሚያ ቤቱ ወረፋችንን ለሌላ ይሰጠዋል፣ የአዋላጆቹ ስልጠናም ይቀራል" ትለኝ ነበር።

ማክሰኞ ወደ ከተማው መሃል ቤተ መጻሕፍት ልሄድ ወጣሁና ገና ሦስተኛው እርምጃ ላይ በጀርባዬ ተዘረጋሁ። በረዶ ከላይ ነጭና ለስላሳ ነው፣ ከሥሩ ግን መስታወት አለው። ኮምፒውተሬን ደረቴ ላይ እንዳቀፍኩ ሰማዩን እያየሁ ተኛሁ። ከማዶ ያለው ጎረቤት፣ ከላኦስ የመጣ፣ ሁሞንግ ከሚባል ሕዝብ የሆነ ሰው፣ መኪናውን እንደተነሣች ትቶ ሮጦ መጣ። አነሣኝ፣ አራገፈኝ፣ ጫማዬን ገልብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። ቤቱ ገብቶ ብረት ጥርስ ያለው የጎማ ማሰሪያ ይዞ ወጣ፤ በረዶው ላይ ተንበርክኮ በሁለቱም ጫማዬ ላይ አጠለቀልኝ። የማላውቀው፣ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው፣ እግሬ ሥር። ልመልስለት ስል በእጁ "ሂድ ሂድ" አለኝ።

ቤተ መጻሕፍቱ ወንዙ አጠገብ ነው። መስኮቱ ዳር ቁጭ ብዬ ሚሲሲፒን አየሁት። ዓባይን ባሕር ዳር ላይ አይቼዋለሁ፣ ዓባይ ሲሄድ ይታያል። ይሄኛው ግን ይጨስ ነበር። የበረዶ ገበታዎች እየተጋጩ ይወርዳሉ፤ በመሃላቸው ካለው ጥቁር ውሃ እንፋሎት ይነሣል፣ ከቀዝቃዛ ውሃ! ከአየሩ ይልቅ ውሃው ስለሚሞቅ ነው አሉኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ ገጽ አልሠራሁም። መግቢያው ላይ ማንነቴን፣ ለምን እንደመጣሁ፣ የማን ኮምፒውተር እንደያዝኩ የጠየቀኝ ሰው አለመኖሩም እንደ ወንዙ ሲገርመኝ ዋለ።

ረቡዕና ሐሙስ

በእነዚህ ሁለት ቀናት በብርዱ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ ደርሶ ነበር። እማማ ለተብርሃን እንዳልወጣ ከለከሉኝ፤ ረቡዕ ስለሆነ ሽሮ ሠርተው፣ ሐሙስ ደግሞ ዶሮ ሾርባ፣ በየሦስት ሰዓቱ ከፎቅ "ብሩኽ! ና ብላ!" ይላሉ። ጠረጴዛ ላይ ስንቀመጥ ስለ ሥራዬ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። የማውቀው እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ያህል ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በማጠብና አልጋ በማንጠፍ ሠርተው ጡረታ መውጣታቸውን ነው። እውነቱን ለመናገር የአዋላጅ መጽሐፍ እየተረጎምኩ ነው ብሎ ለአንዲት ትልቅ ሴት መናገር አሳፍሮኝ ነበር።

ዓርብ

ዓርብ ማለዳ የመጨረሻውን ፋይል ለሰናይት ላክሁ። "ደረሰኝ፣ እግዜር ይስጥህ! እሑድ ማታ ማሽን ላይ ይወጣል" ብላ ጻፈችልኝ። አንድ ትልቅ ሸክም ከትከሻዬ ወረደ። ጀማልም ሺፍት ስላልነበረው "ተነሥ፣ ጉድ ላሳይህ" ብሎ መጣና ወደ ሰሜን ድራይቭ አደረገ። መኪናው ኋላ አካፋና ብርድ ልብስ ነበር፤ መንገድ ላይ መኪና ቢበላሽ ሰው ደርቆ እንዳይቀር ሁሉም ይይዛል አለኝ። የኮምፒውተሬን ቦርሳ እዚያው ኋላ ወረወርኩት።

ግማሽ ሰዓት ያህል ነድቶ ከዛፎች መሃል ስንወጣ መንገዱ አለቀ፤ ጀማል ግን አላቆመም።

"ጀማል፣ መንገዱ አልቋል።"

"አዎ።"

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሐይቅ ነዋ። ቢስሚላህ!"

ጮህኩ። አላፍርበትም፣ እንደ ሕፃን ነው የጮህኩት። ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ ጀልባ የምፈራ ሰው ነኝ። ዓይኔን ስገልጥ ግን በዙሪያችን ከተማ ነበር፤ ሐይቁ ላይ የቆሙ ትናንሽ ቤቶች፣ ከጭስ ማውጫቸው ጭስ የሚወጣ፣ አጠገባቸው የጭነት መኪናዎች፣ ውሾች። አንድ ቀይ ጺም ያለው ሽማግሌ ከቤቱ ወጥቶ በእጁ ጠራን። ጎንበስ ብለን ገባን። ወለሉ ላይ ሰሃን የሚያህል ቀዳዳ አለ፤ ግድግዳው ከክንዴ ይረዝማል፣ ሁሉም ሰማያዊ በረዶ። ከሥሩ ጥቁር ውሃ። እንደ ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ የዓለምን ወለል የማይ መሰለኝ። ሽማግሌው በምልክት ዝም በሉ አለን። ያኔ ሐይቁ ድምፅ አወጣ። ከሩቅ ጀምሮ ከእግራችን ሥር ያለፈ፣ ረጅም፣ ወፍራም ድምፅ፤ እንደ ነጎድጓድ፣ ግን ከታች። በረዶው እየወፈረ ሲሄድ እንዲህ ነው ይላሉ። ጀማል ስድስተኛ ክረምቱ ነው፣ እሱም እንደ እኔ አፉን ይዞ ቀረ። "ሱብሃነላህ" አለ ቀስ ብሎ።

እዚያ ሦስት ሰዓት ቆየን። ሽማግሌው የያዘውን ዓሣ ጠብሶ አበላን። ቤት ደርሼ ኮምፒውተሬን ስከፍት ጥቁር ነው። ብጫነው፣ ብለምነው ምንም የለም። ጀማል ራሱን ያዘ፤ "በአላህ! ብርድ ላይ ተውነው!"

እማማ ድምፃችንን ሰምተው ወረዱ። ማሞቂያው ላይ ላስቀምጠው ስል እጄን ያዙኝ። "አታጣድፈው። የቀዘቀዘ ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፣ ሕፃንም እንዲያው ነው" አሉና በፎጣ ጠቅልለው ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። "እስከ ነገ እንዳትነካው። ምን አለበት በውስጡ እንዲህ የሚያስጨንቅህ?"

ከዚያ በኋላ መደበቅ አልቻልኩም። "የአዋላጆች መጽሐፍ" አልኳቸው።

"እኔ አዋላጅ ነበርኩ" አሉ። "አሥራ አንድ ዓመት። ከዚያ ስደት መጣና ወረቀቱም ቀረ፣ ሙያውም ቀረ።"

ቅዳሜና እሑድ

ቅዳሜ ጠዋት ፎጣውን ፈታን። ቁልፉን ስጫነው በራ። ሁለታችንም አጨበጨብን። እማማ "እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ታሳየኛለህ" አሉ፤ ጥያቄ አልነበረም።

እሑድ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ነጠላቸውን ሳያወልቁ መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡ። ጀማልም ምሳ ሊበላ መጥቶ ነበር። ፊደሉን አተለቅሁላቸው። በየቃሉ ይስቁብኝ ጀመር። "'የማሕፀን መኮማተር ድግግሞሽ'? ምጡ በስንት በስንት ደቂቃ ይመጣል አትልም?" እኔ እየሳቅሁ ማስታወሻ እይዛለሁ። ልጁ ከተወለደ በኋላ ደም እንዳይፈሳት ለእናትየዋ ወደሚሰጠው መርፌ ሰንጠረዥ ስንደርስ ሳቃቸው ቆመ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ወደ ላይ ሄዱ፣ ወደ ታች ወረዱ።

"እጁስ?" አሉ።

"የቱ እጅ?"

"ልጁ ተወለደ ይላል። ቀጥሎ መርፌ ስጪ ይላል። በመሃል እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ሁለተኛ ልጅ አለመኖሩን አታይም? መንታ ቢሆንስ?"

እንግሊዝኛውን ከፈትኩ። አለ። በግልጽ አለ፤ ሁለተኛ ረድፍ ላይ፦ መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ሆዷን በእጅ ዳሰሽ ሌላ ልጅ አለመኖሩን አረጋግጪ። የእኔ አማርኛ ላይ የለም። ትዝ አለኝ። አውሮፕላን ማረፊያው ወለል ላይ የተደጋገመ መስሎኝ የሰረዝኩት ረድፍ ነው።

"ሁለተኛ ልጅ እያለ መርፌውን ብትሰጥ ምን ይሆናል?" አልኳቸው።

"ማሕፀኑ ይጨብጠዋል" አሉ እማማ። ጡጫቸውን ጨብጠው አሳዩኝ። "ልጁ ውስጥ ነው።"

አዲስ አበባ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነበር። መጽሐፉ ማሽን ላይ ነው። ለሰናይት ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ። ጻፍኩላት፤ አይሄድም። ለአለቃዋ ደወልኩ፤ አይነሣም። ጀማል "የማተሚያ ቤቱ ራሱ ስልክ የለህም?" አለኝ። በድሮ ደብዳቤ ግርጌ ላይ የመስመር ስልክ አገኘን። ጀማል በስልኩ ካርድ ሞልቶ ደወለ፣ ድምፁንም ከፈተው። ብዙ ጠራ። አንድ ሽማግሌ አነሣ።

"ሃሎ፣ ማን ልበል?"

"ከአሜሪካ ነው የምደውለው፣ እባክዎን..."

"ሎተሪ ከሆነ አልፈልግም" ብሎ ዘጋው።

እንደገና ደወልን። በአሥራ ስድስተኛው ጥሪ አነሣ። ዘበኛው ነበር። ለምኜ ለምኜ የሌሊቱን ተረኛ ኃላፊ ጋሽ ደምሴን እንዲጠራልኝ አደረግሁ። ከጀርባ የማሽኑ ድምፅ ይሰማል።

"ስሕተት አለበት፣ ያቁሙልኝ" አልኳቸው።

"ወንድሜ፣ እኔ ያለ ወይዘሮ ሰናይት ትእዛዝ ማሽን አላቆምም። አራተኛው ፎርም፣ ማለት አራተኛው አሥራ ስድስት ገጽ ላይ ነን። ነገ ቢሮ ሲገባ ጠይቅ።"

"ገጽ ሰባ አንድ የት ላይ ነው?"

"አምስተኛው ፎርም ላይ። የማተሚያ ሰሌዳው ተዘጋጅቷል፣ አሁን ይገባል።"

"ጋሽ ደምሴ፣ የሰው ሕይወት ነው..."

"ሁሉም እንዲህ ይላል። አዝናለሁ።"

እማማ ለተብርሃን እጃቸውን ዘረጉና ስልኩን ከጀማል ተቀበሉት።

"ደምሴ ነው ስምህ?" አሉ።

"አዎ። እርስዎ ማን ነዎት?"

"አዋላጅ ነኝ። ሚስት አለህ?"

"አለኝ።"

"ወልዳልሃለች?"

"ሦስት።"

"ዕድሜ ይስጥልህ። ስማኝ ልጄ። ልታትመው ያለው ገጽ አንዲት ልጅ እግር አዋላጅ ገጠር ውስጥ ብቻዋን ሆና የምታነበው ነው። የተጻፈውን ታደርጋለች፣ ሌላ የምትጠይቀው ሰው የላትም። የተጻፈው ደግሞ ጎዶሎ ነው። መንታ ያረገዘች ሴት በእጇ ላይ ብትወድቅ ሁለተኛውን ትገድለዋለች። እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ለምን እዋሽሃለሁ? አምስተኛውን አታስገባ። ሰናይት ብትቆጣ በእኔ አሳብብ።"

የማሽኑ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ ጋሽ ደምሴ ከስልኩ ራቅ ብለው ጮኹ፤ "ታዬ! አቁም! አቁመው ብዬሃለሁ!" ድምፁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ ጠፋ።

"ቆሟል እናቴ" አሉ።

ጀማል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔ ወንበሩ ላይ ተደገፍኩ። ያን ሁሉ ሳምንት በበረዶው፣ በወንዙ፣ በሐይቁ ስደነቅ ሰንብቼ ነበር። አሁን ግን ያየሁት ነጠላ የለበሰች አንዲት አሮጊት፣ ከሥራዋ ከተለየች ስንት ዓመቷ፣ ውቅያኖስ ማዶ ያለ ማሽን በድምፅዋ ስታቆም ነው።

ሰኞ

ሰናይት ማለዳ ደወለች። መጀመሪያ ተቆጣች፤ ስነግራት አለቀሰች። "ሌላስ ስንት አለ ብሩክ?" አለችኝ።

እማማን ቁርስ ላይ አመሰገንኳቸው። "እንዴት በአንድ እይታ አዩት? ሐኪሙም፣ እኔም፣ ሰናይትም አላየነውም።"

ሻያቸውን አስቀመጡ። መስኮቱን እያዩ ነበር የነገሩኝ። ሃያ ሦስት ዓመታቸው ነበር፣ አቆርዳት አንዲት ትንሽ ክሊኒክ። ቀኑን ሙሉ ሲያዋልዱ ውለው ደክሟቸዋል። አንዲት እናት ሴት ልጅ ወለደች፣ ልጅቷ ጮኸች፣ ሁሉም እልል አለ። መምህራቸው ሁልጊዜ "መጀመሪያ እጅ፣ ቀጥሎ መርፌ" ይሉ ነበር። እሳቸው መርፌውን አስቀደሙ።

"ከዚያ እጄን ሳደርግ" አሉ፣ "እግሩ ተሰማኝ።"

ከዚያ ወዲያ አልቀጠሉም። እናትየዋ ተረፈች። ልጅቷም ተርፋለች፣ በእሳቸው ስም ለተብርሃን ብለው ጠሯት።

"ያንን ለማንም አልነገርኩም" አሉ። "ለባለቤቴም። እዚህ ሆስፒታል ስገባ ተምረሽ ወረቀትሽን አውጪ፣ አዋላጅ ትሆኛለሽ አሉኝ። እምቢ አልኩ። አልጋ ማንጠፍ ይሻለኛል አልኩ። ቋንቋው ከበዳት ነው የመሰላቸው።"

እጃቸውን ያዝኩ፤ አልነጠቁኝም። ጥቂት ቆይተው መነጽራቸውን ፈለጉና "ከመጀመሪያው ገጽ ክፈት" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ

የሊዝበን በረራዬን የሌላ ሰው ጉዞ ይመስል ረሳሁት። ትኬቱን አዘዋወርኩ፤ ሰናይትም ከማተሚያ ቤቱ ጋር ተከራክራ አሥራ አንድ ቀን አገኘችልን። በየማለዳው እኔና እማማ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እንቀመጣለን። እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ሲያነቡት የሚገባ ነገር በጆሮ ሲሰማ ጎርበጥ ካለ "ተው፣ እንደገና" ይላሉ። በአማርኛ ያጡትን ቃል በትግርኛ ይነግሩኛል፤ ጀማል ሲመጣ ደግሞ "በእኛ በኩል አዋላጇ እንዲህ ትላለች" ብሎ የእናቱን የኦሮምኛ ቃል ያነሣል፤ ከሦስቱ መካከል የትኛዋም አዋላጅ የምትረዳውን አማርኛ እንፈልጋለን። እንደ ገጽ ሰባ አንድ ያለ ሌላ ስሕተት አላገኘንም። ከባድ ቃል ግን ብዙ ጣልን። "ይህን ያነበበች ልጅ እጇ ደም ነው፣ መብራት የላትም፣ እናትየዋ ትጮሃለች" ይሉኝ ነበር። "አጭር አድርግላት።" ሃያ ዓመት ስተረጉም ለማን እንደምጽፍ እንዲህ ያሳየኝ ሰው አልነበረም።

ውጭ ብርዱ ረገብ ብሎ ከዜሮ በታች አሥር ሆነ፤ ሰዎች "ሞቀ" ብለው ካፖርታቸውን ከፍተው ይሄዱ ነበር። እኔም ከፍቼ ሄድኩ። ከሰዓት ከሰዓት ከመንገዱ በላይ ሕንፃዎቹን በሚያገናኙ የመስታወት ድልድዮች ከሕንፃ ሕንፃ እየተሻገርኩ፣ የግዛቱን ምክር ቤት ነጭ ጉልላት እያየሁ እንሸራሸራለሁ፤ ስመለስ ግን ሁልጊዜ የምቸኩለው ወደዚያ ጠረጴዛ ነበር።

መቅድሙ ላይ ስማቸውን ላስገባ ብዬ ጠየቅኳቸው። "አይሆንም" አሉ ቆጣ ብለው። ሁለት ቀን ለመንኳቸው፤ ሁለት ቀን እምቢ አሉኝ። ይህን ማስታወሻ እንድጽፍ የፈቀዱልኝም ስማቸውን እንድቀይር ቃል አስገብተውኝ ነው። ለተብርሃን እኔ ያወጣሁላቸው ስም ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሐሙስ ማለዳ የመጨረሻውን ገጽ አነበብኩ። እማማ ዓይናቸውን ገለጡ። "ሌላ የለም?"

"የለም።"

ፋይሉን ላክሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ አዲስ አበባ ሊመሽ ሲል፣ ስልኬ ጠራ። ጋሽ ደምሴ ነበሩ። "አዋላጇ አሉ?" አሉኝ። አቀበልኳቸው።

"እናቴ፣ አምስተኛውን ላስገባ ነው። ላስገባ?"

እማማ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ቆዩ።

"አስገባ ልጄ" አሉ።

ማሽኑ ተነሣ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እየፈጠነ፣ ከዚያ አንድ ዓይነት ሆኖ። እማማ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ለረጅም ጊዜ አዳመጡ፤ ጋሽ ደምሴም አልዘጉባቸውም።